የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና ሙያዊ ጽሑፍን አጣምሮ ማጥናት ያዋጣል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። ልብ ወለድ ማንበብ ነፍሴ ነው። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና ሙያዊ ጽሑፍን አጣምሮ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል። ቤተሰቦቼ ‹ልብ ወለድ ማንበብ እንጀራ አይሆንም› ይላሉ። እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነው፤ መመሪያና ሪፖርት ስጽፍ የንባብ ፍቅሬ ይደርቅብኝ ይሆን? እንግሊዝኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ አይደለም። አሁን አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጽፋል። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ከገባሁስ እስኪጀመር ድረስ ምን እየሠራሁ ልቆይ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ግቢበት። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ላስይዝሽ፤ የተቀበለሽ የትምህርት ክፍል የጻፍሽውን አንብቦ፣ ድካሙን ጠርዙ ላይ ጽፎ፣ መልሶ የሚያስጽፍሽ መሆን አለበት። ይህ ከሌለ ሥነ ጽሑፉን ብቻውን አጥኚና ሙያዊ ጽሑፉን ሥራ ላይ ተማሪው። መጻፍን በሌክቸር ብቻ የተማረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሁለቱንም የማስተምር ሰው ስለሆንኩ መልሴ ወደ ሙያዬ ሊያደላ ይችላል፤ ስለዚህ የማይመቸውንም ጎን አልደብቅሽም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሥነ ጽሑፉ ልጀምር። ብዙ ተማሪ የሚመጣው «ማንበብ እወዳለሁ» ብሎ ነው። ጥሩ ነው፣ ያለዚያ በሳምንት አንድ ልብ ወለድ አይገፋም። ክፍል ውስጥ ግን «ወደድሽው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። የሚጠየቀው ጽሑፉ ያንን ስሜት በምን አመጣው የሚለው ነው። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለ የካምብሪጅ መምህር በ1920ዎቹ ለተማሪዎቹ የገጣሚው ስምና ዘመን ያልተጻፈባቸውን ግጥሞች እያደለ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይቀበል ነበር። በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ 13 ግጥሞችን ከተማሪዎቹ አስተያየት ጋር አቀረበ። ስመ ጥር ገጣሚዎችን የሚያጣጥል፣ ተራውን ግጥም የሚያሞግስ ሞልቷል። እነዚህ እንግዲህ በደንብ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ «ይህ የእገሌ ነው» የሚላቸው ሲጠፋ የሚይዙት የሚጨብጡት አጡ። ቀረብ ብሎ ማንበብ፣ ማለትም ቃሉን፣ የዓረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል፣ ማን እንደሚናገርና ምን እንደተዘለለ እያዩ ማንበብ፣ ከዚያ ወዲህ የትምህርቱ ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። ጽንሰ ሐሳቡ በየአሥር ዓመቱ ይቀያየራል፤ ይህ ሥራ ግን የትም አልሄደም።

አንድ ለናሙና ላሳይሽ። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» መጀመሪያ የታተመው በ1818 በ500 ቅጂ ሲሆን የደራሲዋ ስም አልነበረበትም። በ1831 ራሷ አሻሽላ እንደገና አወጣችው። በመጀመሪያው እትም የባለታሪኩ የቪክቶር እጮኛ ኤልሳቤጥ የአክስቱ ልጅ ናት፤ በ1831ዱ ደግሞ ቤተሰቡ ያሳደጋት ባዕድ ልጅ ሆነች። በዚህ ላይ የልብ ወለዱ ረቂቅ በኦክስፎርዱ የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ የባሏ የፐርሲ ሼሊ የእጅ ጽሑፍ በየመስመሩ መካከል ገብቶ ይታያል። ቀላሉን ቃል ሰርዞ ከበድ ያለውን ያስገባበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ተማሪዋ የምትቀበለው አሳይመንት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ የሁለቱን እትሞች አንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ለዛሬ አንባቢ የትኛው እንዲታተም እንደምትመርጪ ወስኚ፣ ምክንያትሽን በ1500 ቃል ጻፊ። ይህን ስትሠሪ ሳታውቂው አርታኢ ሆነሻል። የሌላ ሰው እጅ ጽሑፉን የት እንዳሻሻለው፣ የትስ የጸሐፊዋን ድምፅ እንደዋጠው መለየት በማንኛውም አሳታሚ ድርጅት ገንዘብ የሚከፈልበት ችሎታ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ እንሻገር። ሙያዊ ጽሑፍ ሲባል ብዙ ሰው ማመልከቻና ቃለ ጉባኤ ይመስለዋል። ፍሬ ነገሩ ግን አንባቢው ጽሑፉን አንብቦ አንድ ነገር ማድረግ ያለበት መሆኑ ነው፤ መድኃኒት ይውጣል፣ ቫልቭ ይዘጋል፣ ገንዘብ ይመድባል፣ ውል ይፈርማል። ልብ ወለድን በተሳሳተ መንገድ ብትረጂው ቢበዛ ማርክ ይቀነስብሻል፤ እዚህ ግን የተሳሳተው አንባቢ ሳይሆን ጸሐፊው ነው ተብሎ ይያዛል።

ክፍል ውስጥ የምሰጠውን አንድ ልምምድ እነሆ። የሚከተለው ማስታወቂያ ወጣ እንበል፦ «ከመጠጥ ውሃ ጥራት ክትትል ውጤት ጋር በተያያዘ ተጠቃሚዎች ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ይመከራል።» ሰዋስው አልጎደለውም፣ ትሕትናም አለው። ግን ውሃው ምን ሆነ? የሚመክረው ማነው? ጥንቃቄውስ ምንድን ነው? ተማሪዎቹ ሁለትና ሦስት ጊዜ ጽፈው ጽፈው እዚህ ይደርሳሉ፦ «የቧንቧ ውሃው ተበክሏል። እስክናሳውቃችሁ ድረስ ሳታፈሉ አትጠጡ፤ ለሕፃናት ወተት ማዘጋጃም አትጠቀሙበት።» ሁሉም ደስ ይለዋል። ያኔ ነው «ፈልቶ ስንት ደቂቃ ይቆይ?» ብዬ የምጠይቀው። ዝም ይላሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚመክረው ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ እንዲቆይ ነው፤ ከ6500 ጫማ ማለትም ከ2000 ሜትር ገደማ በላይ ባለ ከፍታ ላይ ግን 3 ደቂቃ፤ ምክንያቱም እዚያ ውሃ የሚፈላው ባነሰ ሙቀት ነው። ስለዚህ ጸሐፊዋ አንባቢዋ የት እንደሚኖር ሳታውቅ ይህን ማስታወቂያ መጨረስ አትችልም። ዓረፍተ ነገር ያሳመረ ሁሉ ሥራውን ጨረሰ ማለት እንዳልሆነ ተማሪዎቼ የሚገባቸው እዚች ደቂቃዋ ላይ ነው።

ልብ በይ፤ የመጀመሪያው ማስታወቂያ «ይመከራል» ሲል ተናጋሪው ተደብቋል። ማን እንደሚናገር መጠየቅን የተማርሽው የት ነበር? ልብ ወለድ ክፍል ውስጥ፣ የማይታመን ተራኪ ሲያጋጥምሽ ነው። ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙት በዚህ ነው። ሥነ ጽሑፉ የተደበቀውን ተናጋሪ እንድታዪ ያደርግሻል፤ ሙያዊ ጽሑፉ ደግሞ ራስሽ ተናጋሪ ስትሆኚ እንዳትደበቂ ያስገድድሻል። አንዱን ብቻ የተማረ ሰው ያልተሟላ መስሎ የሚታየኝ ለዚህ ነው። ሥነ ጽሑፍ ብቻ የተማረው የሌላውን ጽሑፍ አብጠርጥሮ ይተነትንና የራሱን የጥናት ጽሑፍ ማንም በማይገባው ጭቃ ያቦካዋል። ሙያዊ ጽሑፍ ብቻ የተማረው ደግሞ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ አለቃው ያዘዘው ጽሑፍ ምን እየሸፈነ እንደሆነ ግን ሁልጊዜ አይታየውም።

የሙያዊ ጽሑፍ ጉዳይ ቀልድ እንዳይመስልሽ በትምህርቱ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጉዳይ ልንገርሽ። መጋቢት 28 ቀን 1979 አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ማመንጫ አደጋ ደረሰ። ከዚያ ቀደም በመስከረም 1977 ኦሃዮ በሚገኝ፣ ያው አምራች በሠራው ሌላ ማመንጫ ተመሳሳይ ነገር አጋጥሞ ነበር፤ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ፣ ኦፕሬተሮቹም ሁኔታውን ስላልተረዱት የአደጋ ጊዜውን ማቀዝቀዣ ያለጊዜው ዘጉት። የአምራቹ ድርጅት አንድ መሐንዲስ በየካቲት 1978 በውስጥ ማስታወሻ አስጠነቀቀ፤ ኦፕሬተሮች አዲስ መመሪያ ይሰጣቸው አለ። ማስታወሻው ወደ ሌላ ክፍል ሄደ፤ እዚያ ያሉት ጥርጣሬ ነበራቸው፤ በነሐሴ ሌላ ማስታወሻ ወደ ሦስተኛ ክፍል ተጻፈ። አደጋው እስኪደርስ ድረስ መመሪያው ማሽኑ ጋ የተቀመጡት ሰዎች እጅ አልገባም። ለአደጋው ጽሑፉ ብቻ ተጠያቂ ነው ማለት ቂልነት ነው፤ የድርጅቱ አሠራርም፣ በክፍሎች መካከል የነበረው ግድግዳም አለበት። ማስታወሻዎቹን የሚያነብ ተማሪ ግን የሚያየው ነገር አለ። ከባዱ ማስጠንቀቂያ እንደ አንድ ቴክኒካዊ ጥያቄ ተለሳልሶ ተላለፈ፣ ማን እስከ መቼ ምን ይወስን የሚለውም በግልጽ አልሰፈረም። የጉዳዩን ክብደት አንባቢው በመጀመሪያው አንቀጽ ካላገኘው ሌላ ወረቀት ላይ ይደርበውና ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል።

«የንባብ ፍቅሬ ይደርቅ ይሆን?» ብለሻል። ለጥቂት ጊዜ ሊደርቅ ይችላል፤ ጥፋተኛው ግን ሙያዊ ጽሑፉ አይደለም። የሚያደርቀው የንባቡ ብዛት ነው። በአንድ ሴሚስተር ሦስት የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ከወሰድሽ በየሳምንቱ ሁለት ወፍራም መጻሕፍትና ሁለት ሦስት የሒስ ጽሑፎች ይጠብቁሻል። የጆርጅ ኤልየት «ሚድልማርች» በ1871 እና 1872 በ8 ክፍል ተከፋፍሎ ነው የወጣው፤ ሰው በየጊዜው ቀስ እያለ ያነበው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ግን ባሥር ቀን ጨርሺው ይልሻል። ያኔ የምትወጂውን መጽሐፍ እንደ ዕዳ ታዪዋለሽ። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ለማንም ሪፖርት የማታቀርቢበት፣ እርሳስ ሳትይዢ የምታነቢው አንድ መጽሐፍ ምንጊዜም ራስጌሽ ይኑር።

ጥበብና ተከፋይ ጽሕፈት የተጣሉ ጎራዎች ናቸው የሚለው አስተሳሰብም በራሱ ዘመነኛ ነው። ቻርልስ ዲከንስ ልብ ወለድ ከመጀመሩ በፊት የፓርላማ ንግግር በአጭር እጅ ጽሕፈት እየመዘገበ ለጋዜጣ የሚያቀርብ ዘጋቢ ነበር። ከትላልቆቹ ልብ ወለዶቹ ብዙዎቹን ያወጣው በየወሩ በአብዛኛው 32 ገጽ በሆነ ቅጽ፣ በአንድ ሺሊንግ ዋጋ ነው። ገጹ አይበልጥም፣ አያንስም፤ ቀኑ አይዛወርም። ለብዙዎቹ ቅጾች በወረቀት ላይ የሠራቸው ዕቅዶች ዛሬም አሉ፦ በዚህ ወር ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ፣ ይህ ምስጢር አሁን ይውጣ ወይስ ለሚቀጥለው ይደር እያለ ራሱን ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ምዕራፎቹ ልብ አንጠልጥለው የሚያበቁት አንድም አንባቢው በሚቀጥለው ወር ሺሊንጉን ይዞ እንዲመለስ ነው። ይህን ካወቅሽ በኋላ ልብ ወለዱን ስታነቢ የማስረከቢያ ቀን የሚባለው ነገር ገጹ ላይ ይታይሻል፤ ለእኔ ይህ ፍቅሩን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰንም ብትሆን እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው ያጠናችው፤ በ1953 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪዋን፣ በ1955 ከኮርኔል ሁለተኛውን አገኘች። የመጀመሪያዎቹን ልብ ወለዶቿን ስትጽፍ ደመወዟ የሚመጣው ራንደም ሃውስ ውስጥ ከምትሠራው የአርታኢነት ሥራ ነበር። በ1993 ኖቤል ተሸለመች።

የቋንቋውን ነገር በተመለከተ፣ ችግር የለውም ብዬ አላታልልሽም። አፉን የፈታበት ልጅ በጆሮው የሚያውቀውን አንቺ በዓይን ማጥናት ይጠበቅብሻል። አርቲክልና መስተዋድድ ሦስተኛ ዓመት ላይም ይፈትኑሻል። ግን ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት የተመለሱልሽን ጽሑፎች ፊትሽ ዘርግተሽ ብትቆጥሪው የምትደጋግሚው ሦስት ወይም አራት ዓይነት ስህተት ብቻ ሆኖ ታገኚዋለሽ። እነሱን በወረቀት ጻፊና ከማስረከብሽ በፊት ለእያንዳንዳቸው ለብቻ አንድ ዙር አንብቢ፤ አንዱን ዙር ለአርቲክል ብቻ፣ ሌላውን ለግስ ጊዜ ብቻ። ሁሉንም ባንድ ንባብ እይዛለሁ ማለት አይሠራም። ሁለት ቃላት አብረው ይሄዱ እንደሆነ ስትጠራጠሪ ደግሞ ኮርፐስ ተጠቀሚ። ለምሳሌ የብሪታኒያ ብሔራዊ ኮርፐስ 100 ሚሊዮን ቃል ያህል ከእውነተኛ ጽሑፍና ንግግር የሰበሰበ ነው፤ ሐረግሽን ስታስገቢበት ሰዎች በእርግጥ እንደዚያ ይሉ እንደሆነ ያሳይሻል። መዝገበ ቃላት የማይመልሰውን ብዙ ይመልሳል።

በሌላ በኩል ከውጭ የመጣ አንባቢ የሚያየው ነገር አለ። ደራሲው ጆሴፍ ኮንራድ ፖላንዳዊ ነው፤ የሚጽፍበት እንግሊዝኛ ከፖሊሽና ከፈረንሳይኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋው ነበር። በ1899 በመጽሔት በተከታታይ የወጣውን ስለ ኮንጎ የጻፈውን «ሃርት ኦፍ ዳርክነስ» የተባለ ታሪክ ለአሥርተ ዓመታት ታላላቅ ሐያስያን አመስግነው አስተማሩት። በ1975 ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ላይ ባደረገው ንግግር አፍሪካውያኑ እዚያ ጽሑፍ ውስጥ ንግግር እንኳ እንደተነፈጋቸው ማስረጃ እየጠቀሰ አሳየ። ማንም ያልደረሰበት ሰነድ አላገኘም፤ ሁሉም እጅ ላይ ያለውን ያንኑ ገጽ ነው ያነበበው። ከዚያ ወዲህ ያ ድርሰት ያለ አቼቤ ትችት እምብዛም አይሰጥም። (አቼቤ ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የገባው ሕክምና ሊማር ነበር፤ ትቶ ወደ እንግሊዝኛና ታሪክ ዞረ። ለቤተሰቦችሽ ይህን ባትነግሪያቸው ይሻላል።) ትምህርቱ ራሱም የተወለደው ትላንት ነው። ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሥራ የጀመረው በ1828 ነው፤ ኦክስፎርድ የራሱን የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ያቋቋመው በ1894፣ ካምብሪጅ ራሱን የቻለ ፈተና ያጸደቀው በ1917 ነው። በያኔው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ በ1968 ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት ባልደረቦቹ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ይሻርና አፍሪካን መካከል ያደረገ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ይተካ ብለው ጻፉ። ስለዚህ የምታገኚውን የመጻሕፍት ዝርዝር ከሰማይ እንደወረደ አትዪው፤ ማን እንዳወጣው መጠየቅ የኮርሱ አካል ነው።

ኮምፒውተሩ ይጽፋል ያልሽው እውነት ነው፤ በዚህ ላይ ማድበስበስ አልፈልግም። ለድረ ገጽ መሙያ የሚሆን ለስላሳ ጽሑፍ እየጻፉ የሚጀመርበት የጀማሪ ሥራ ሳስቷል፤ ተመልሶ የሚሞላም አይመስለኝም። ረቂቅ ረክሷል። ያልረከሰው ሌላው ነው፦ መሐንዲሱን ቁጭ አድርጎ «ይህ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቢጫን ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ፣ ሰነዱ ውስጥ የጎደለውን ማየት፣ በስም ፈርሞ ኃላፊነት መውሰድ። ማሽኑ የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ ፈጥሮ እንደሚጠቅስ ሰምተሽ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የፈሰሰ፣ ያማረ፣ ስህተቱ የማይጎረብጥ ዓረፍተ ነገሩ ነው። ያንን የሚይዝ ዓይን የሚሠራው ቀረብ ብሎ በማንበብ ነው። ስለዚህ ተማሪ እያለሽ ረቂቅሽን ራስሽ ጻፊ፤ ማሽኑን ከተጠቀምሽም የመምህሩን ደንብ አስቀድመሽ አንብቢ፣ ከኮርስ ኮርስ ይለያያልና። አጥብቄ የምናገረው ግን ከደንቡ ፈርቼ አይደለም። ሐሳብሽ ምን እንደሆነ የምታውቂው ስትጽፊው ነው። መጻፉን ለሌላ የሰጠ ሰው ማሰቡንም ሰጥቷል።

ቤተሰቦችሽን የምታሳምኚው በዝርዝር ሥራ ነው። በዚህ ዲግሪ የሚገቡባቸው የሥራ መስኮች ቴክኒካል ጸሐፊነት፣ የመጻሕፍትና የጆርናል አርታኢነት፣ የፕሮጀክት ገንዘብ መጠየቂያ ጽሑፍ፣ የሶፍትዌርና የመተግበሪያ ገጽ ላይ ጽሕፈት፣ የሕዝብ ግንኙነት፣ የንግግር ጽሕፈት፣ ማስተማርና ሌሎችም ናቸው። ከእነዚህ የተረጋጋ ገቢ የሚያስገኘው ብዙ ጊዜ ቴክኒካሉ ነው፤ ማራኪው ግን አሳታሚ ድርጅት ነው፤ አሳታሚ ደግሞ ለጀማሪ ብዙም አይከፍልም። ዲግሪው እንደ ሕክምና ወይም እንደ ምሕንድስና አንድ በር ላይ አያደርስሽም፤ በሩን ራስሽ ታንኳኪያለሽ። ግልጽ ጽሑፍ ዛሬ የትሕትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ እንዲጽፉ የሚያስገድድ ሕግ በ2010 አውጥታለች፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ2023 ስለ ግልጽ ቋንቋ ደረጃ አሳትሟል። ቀጣሪ ሲጠይቅሽ ማርክሽን ሳይሆን የሠራሽውን ነው የሚያየው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሥራሽን ከነረቂቁ አስቀምጪ፤ መጀመሪያ እንዴት እንደነበረና ከእርማት በኋላ ምን እንደሆነ ጎን ለጎን የሚያሳይ ማኅደር ከሦስት ገጽ የሕይወት ታሪክ ይበልጣል።

ቅድመ ሁኔታዬን አሁን ላብራራው። «ሙያዊ ጽሑፍ» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ አንዱ ጋ የድሮው የንግድ ደብዳቤ ኮርስ ስሙ ተቀይሮ ነው፣ ሌላው ጋ የፈጠራ ጽሑፍ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ እውነተኛው ነው። ከመመዝገብሽ በፊት የኮርስ ዝርዝሩን አስመጪና ራሱን የቻለ የአርትዖት ኮርስ፣ ስለ ሰነድ አቀማመጥና ገጽ ቅርጽ የሚያስተምር ኮርስ፣ ከውጭ ድርጅት ጋር እውነተኛ ሰነድ የሚሠራበት ፕሮጀክት መኖሩን እዪ። ከዚያ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልገሽ «ባለፈው ሴሚስተር ስንት ረቂቅ አስተያየት ተጽፎበት ተመለሰልሽ?» በያት። «በፈተና ነው የምንገመገመው» ካለችሽ ጠንቀቅ በይ። የጽሕፈት ወርክሾፕ፣ ማለትም ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ የሚተቹበት ክፍል፣ ከ15 ሰው በላይ ከሆነም ተራ አይደርስሽም። ወርክሾፕ ውስጥ ባለጽሑፉ ዝም ብሎ ሌሎቹ የሚተቹበት የቆየ ልማድ አለ፤ በ1936 ከተቋቋመው ከአሜሪካው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፊዎች ወርክሾፕ ጋር ስሙ ይነሳል። እኔ በግማሽ ነው የምደግፈው። ዝምታው ለማዳመጥ ይረዳል፤ ግን የልጅቷ ባህል ለሌሎቹ እንግዳ ሲሆን ዝም በይ ማለት ባልተረዱት ነገር ላይ እንዲፈርዱባት መተው ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ መምህር መጀመሪያ ጸሐፊዋ ምን ማወቅ እንደምትፈልግ ይጠይቃታል።

ትምህርቱ እስኪጀመር ላሉት ወራት የምሰጥሽ ሥራ ሦስት ነው። አንደኛው ንባብ ነው፤ ዝርዝር አታብዢ። ኦሪት ዘፍጥረትን፣ ዘጸአትንና ወንጌላትን በ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም አንብቢ፤ ሃይማኖትሽ ምንም ይሁን ምን፣ ብዙ የእንግሊዝኛ ገጣሚ ከዚያ ይቀዳል። በራስሽ ቋንቋ የምታውቂው ታሪክ ስለሆነ የድሮውን እንግሊዝኛ ያቀልልሻል፤ የአዳምና የሔዋንን ውድቀት የሚተርከው የጆን ሚልተን የ1667 ግጥም ላይ ስትደርሺም ከጎንሽ የተቀመጠው ልጅ የግርጌ ማስታወሻ ሲያሳድድ አንቺ ግጥሙን ታነቢያለሽ። ሁለተኛ፣ የቅጂ መብቱ ያለፈበት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከተባለው ድረ ገጽ በነጻ አውርጂና አንድ ምዕራፍ ብቻ ምረጪ። ሦስት ጊዜ አንብቢው፦ አንዴ ለታሪኩ፣ አንዴ ማን ምን ያውቃል የሚለውን እየተከተልሽ፣ አንዴ ዓረፍተ ነገሮቹ የሚረዝሙበትንና የሚያጥሩበትን ቦታ እያሰመርሽ። ከዚያ ያየሽውን በአንድ ገጽ ጻፊ።

ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ከሁሉም ይበልጥ የማምነው እሱን ነው። በደንብ የምትሠሪውን አንድ ነገር ምረጪ፤ የስልክ ቅንብር መቀየር ይሁን የተበላሸ ዚፕ መጠገን። አሠራሩን በአንድ ገጽ ጻፊና ፈጽሞ ለማያውቀው ሰው ስጪው። አጠገቡ ተቀመጪ፤ አትርጂው፣ አፍሽንም አትክፈቺ። የት ላይ እንደቆመ፣ የቱን መስመር ሁለት ጊዜ እንዳነበበ፣ የቱን ጭራሽ እንደዘለለው ብቻ መዝግቢ። ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀብለሽ እንደገና ጻፊውና ለሌላ ሰው ስጪ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ሁለቱንም ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ የመጀመሪያው የሙያዊ ጽሑፍ መምህርሽ ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።